ስለ ራስሽ ንገሪን

የመሄዴ ዋዜማ ማታ ቤታችን መቆሚያ አልነበረውም። የቸርቻችን ሽማግሌዎች ሊጸልዩልኝ መጥተዋል፤ የእናቴ ዕድርተኞች መጥተዋል፤ ከእነሱ በላይ ደግሞ «ጆበርግ ላለው ልጄ አድርሺልኝ» የሚል ሰው ሁሉ ፌስታሉን አንጠልጥሎ መጥቷል። እናቴ ቆጮውን በኮባ ጠቅልላ፣ ቅቤውን በላስቲክ ላይ ላስቲክ ደራርባ ሻንጣዬን ስለሞላችው ለአንድ ቀሚስ የሚሆን ቦታ እንኳ አልተረፈኝም። «እማዬ፣ እኔ እኮ ሙሽራ ነኝ፣ ነጋዴ አይደለሁም» ብላት፣ «አንቺ ብቻ በሰላም ድረሺ፤ ልብስ እዚያ ይገዛል፣ ቆጮ ግን አይገዛም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አይገዛም።

የሚያገባኝ ማርቆስ ደቡብ አፍሪካ የገባው ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ በኬንያና በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ግማሹን በእግሩ ነው። እኔ በአውሮፕላን ልሄድ ነው። ከሆሳዕና የወጡ ወንዶች በዚያ መንገድ ያዩትን መከራ የሰፈራችን ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው፣ ሴቶቹ «አንቺስ ዕድለኛ ነሽ» እያሉ አገላብጠው ይስሙኝ ነበር። ማርቆስ የእኛው ሰፈር ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ልከው ጠየቁኝ፣ እኔም በስልክ አውርቼው ወድጄው እሺ ብያለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ይህን የምለው ከዚህ በኋላ የምጽፈውን አይታችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

ያልተደሰተው አባቴ ነበር። አባቴ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ዕድሜውን በሙሉ የሰው ልጅ ለትምህርት በበሩ ሲያልፍ እያየ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ የእሱ ልጅ ጤና ኮሌጅ ስትመደብ ደስታው ልክ አልነበረውም። እኔን ግን ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም፤ ልጅ በፊቱ አይሞገስም ባይ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡም ከአንድ ነገር በቀር አልጠየቃቸውም። «ትምህርቷስ?» አላቸው። «እዚያም ትምህርት ሞልቷል» አሉት። አንዳቸውም ጆሃንስበርግን በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

ሲነጋ መናኸሪያ የሸኘኝ እሱ ነው። ሻንጣዬን ሚኒባሱ ላይ አስጭኖ፣ ገመዱን ራሱ ሳብ ሳብ አድርጎ አይቶ፣ «ደጉን ያሰማን» ብሎኝ ዞረ። እኔ እስከ ቡታጅራ አለቀስኩ።

እዚህ የደረስኩት በሰኔ ነው። ለእኛ ሰው ሰኔ ማለት ጭቃ፣ ዝናብ፣ ከእንሰት ቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ማለት ነው። የጆሃንስበርግ ሰኔ ደረቅ ብርድ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ እያበራች፣ ጣት ይቆረጥማል። ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ሙሽራ ሆኜ መሳቅ አቃተኝ። ማርቆስ «ክረምት ነው» ሲለኝ «ታዲያ ዝናቡስ?» አልኩት። «ዝናቡ የሚመጣው በበጋ ነው» አለኝ። እንግዲህ እዚህ አገር ብዙ ነገር ተገልብጦ እንደሚጠብቀኝ የዚያን ቀን ገባኝ።

ቤታችን ጻካኔ ነው፤ ከከተማው በስተምሥራቅ ራቅ ያለ ታውንሺፕ፣ የጥቁሮች መንደር። ሱቃችን የአንድ ሽማግሌ ጋራዥ ነበር። ከኋላ አንዲት ክፍል አለች፣ እሷ ውስጥ እንተኛለን፤ ከፊት ደግሞ ከላይ እስከ ታች የብረት ፍርግርግ ነው። በፍርግርጉ ቀዳዳ ሳንቲም ይገባል፣ ዳቦ ይወጣል። «ፎቶ ላኪልን» ስትሉኝ ሁልጊዜ ከተማው ውስጥ ሜይፌር ወደሚባለው ሰፈር ሄጄ፣ የሐበሻ ሱቆች ፊት ቆሜ የተነሳሁትን የምልክላችሁ ለዚህ ነው፤ እስር ቤት ያለሁ እንዳይመስላችሁ።

ደንበኛው ወንዱን ነጋዴ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል። ማርቆስ ማይ ፍሬንድ ነው፣ ከእኛ ወረድ ብሎ ያለው ሶማሌም ማይ ፍሬንድ ነው። እኔ «ሲሲ» ነኝ፣ እህት ማለታቸው ነው። ስሜን የሚጠይቀኝ ሰው ሲጠፋ መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ግን ሕፃን ልጅ እንኳ «ሳውቦና» ብሎ ሰላም ሳይል ዕቃ እንደማይጠይቅ ሳይ ልቤ ተመለሰ፤ በዚህስ ከእኛ ጋር አንድ ናቸው። ምግባቸው ላይ ነው የማንስማማው። ፓፕ የሚሉት ነጭ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ግን መሃሉ ጎድጎድ አይደረግለትም፣ ቅቤ አይፈስበትም፣ በርበሬ አይነካውም። ገንፎ ብለው አራስ ቤት ቢያቀርቡት አራሷ ተነስታ የምትሄድ ይመስለኛል።

«ትምህርት ሞልቷል» ያሉት ሽማግሌዎች ሳያውቁት እውነት ተናግረው ኖሯል። እሁድ እሁድ ከተማ እየሄድን የምናመልክበት ቸርች አንድ ቀን ሰለሞን የሚባል የአዲስ አበባ ሰው መጥቶ ማስታወቂያ ተናገረ። መምህር ነው። የሚያስተምርበት ኮሌጅ የሁለት ቋንቋ ፕሮግራም ከፍቷል፤ ለኮንጎዎች በፈረንሳይኛ፣ ለሞዛምቢኮች በፖርቱጋልኛ፣ ለእኛ ደግሞ በአማርኛ፣ ሁሉም ከእንግሊዝኛ ጋር ጎን ለጎን። አንድ ዓመት ባዮሎጂውንም ሒሳቡንም በሁለቱም ቋንቋ ያስተምሩና፣ መጨረሻ ላይ ቃለ መጠይቅ ያለፈ ወደ መደበኛው የነርስነት ትምህርት ይገባል። ቦታው ጥቂት ነው። «የጥገኝነት ወረቀት ያለው ሁሉ መመዝገብ ይችላል» ሲል፣ እኔም እዚህ እንደደረስኩ ያወጣሁት እሱን ስለሆነ፣ ከወንበሬ ብድግ አልኩ፤ ማርቆስ ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ።

«ሱቁንስ?» አለኝ ታክሲ ውስጥ። እኔ ኩርፍ ብዬ በመስኮት እያየሁ ነው። በማግስቱ ዳቦ እየደረደርን ሳለ፣ «ሽማግሌዎቹ ለአባትሽ የተናገሩት በእኔ ስም ነው። እኔ ውሸታም አልባልም፤ ተመዝገቢ» አለኝ። ማርቆስን የወደድኩት በስልክ ነው ብዬ ነበር፤ የወደድኩት ያኔ ነው።

«የሁለት ቋንቋ» የሚለው ስም ያስቀኝ ነበር። እኔ ያደግኩት በሀዲይኛ ነው። አማርኛ ትምህርት ቤት ነው ያገኘሁት፣ እንግሊዝኛው ሦስተኛዬ ነው፣ ዙሉው ደግሞ በፍርግርጉ በኩል የገባልኝ አራተኛዬ ነው። ክፍላችን ውስጥ ከወላይታም ከከምባታም የመጡ ነበሩ፤ የአዲስ አበባ ልጆች በአማርኛችን ሲስቁ እኛ በዙሉኛቸው እንስቅ ነበር። ትምህርቱ ግን ቀልድ አልነበረም። አገር ቤት በእንግሊዝኛ ሸምድጄ ፈተና ያለፍኩበትን የደም ዝውውር መምህር ሰለሞን በአማርኛ ሲያስረዱኝ «ለካ ይህን ነበር የሚሉኝ!» ብዬ ክፍል ውስጥ ጮህኩ። ያፈርኩበት ጩኸት አይደለም። ገብቶኝ መማር ምን እንደሚመስል ያወቅኩት እዚያ ነው፤ ነርስ ሳልሆን ከዚህ አገር አልወጣም ብዬ የማልኩትም ያኔ ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ኮሌጁ ተዘጋ፣ ትምህርቱ ስልክ ውስጥ ገባ። ስልኬን የስኳር ጆንያው ላይ አስደግፌ በአንድ ጆሮዬ ስለ ኩላሊት እሰማለሁ፣ በሌላው «ሲሲ፣ ሃፍ ብሬድ!» እሰማለሁ። ሎክዳውን ስለነበር ወታደሮች በየሰፈሩ ይዞሩ ነበር። አንዱ ረጅም ወታደር ፍርግርጉ ጋ መጥቶ የሱቁን ፈቃድ አይቶ ሊሄድ ሲል ጆሮው ቆመ። ስልኩ ላይ ክፍሉ በሙሉ ባንድ ድምፅ ለመምህሩ እየመለሰ ነበር።

«ውስጥ ስንት ሰው ነው ያለው?» አለኝ።

«እኔ ብቻ።»

«መሰብሰብ ክልክል መሆኑን አታውቂም? ድምፃቸው ይሰማኛል።»

«ተማሪዎች ናቸው።»

«ተማሪ ደብቀሻል?»

«ስልክ ውስጥ ናቸው፣ ጌታዬ።»

ስልኩን አዙሬ አሳየሁት። አጎንብሶ በፍርግርጉ ቀዳዳ ተመለከተ፣ ፊቶቹን አንድ በአንድ አያቸው። «ምንድነው የምትማሩት?» አለ። «አንጀት» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ማስክ ያድርጉ በያቸው» ብሎኝ ሄደ። መምህር ሰለሞን ይህን ሲሰሙ በሳቅ ትምህርቱን መቀጠል አቅቷቸው አቋረጡ።

እኔ ደግሞ የተማርኩትን ሱቁ ላይ አዋልኩት። አገር ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዳስተማሩን ከፍርግርጉ ፊት ጄሪካን ሰቀልኩ፣ ጎኑን በስቼ እንጨት ወተፍኩበት፣ ሳሙና በገመድ አንጠለጠልኩ፣ ከዚያ እጁን ያልታጠበ ዳቦ አይሸጥለትም አልኩ። ግማሹ ሰፈር ተጣላኝ። አፌ መቼም አያርፍም፤ በዙሉ ካጣሁት በእንግሊዝኛ፣ በእንግሊዝኛ ካጣሁት በሀዲይኛ እጮህባቸዋለሁ። ሳትጣላኝ የምትታጠበው ጎጎ ንኮሲ ብቻ ነበረች። ጎጎ ማለት አያት ማለት ነው። የስኳር በሽታ አለባት፤ ጠዋት ጠዋት ቡናማ ዳቦ ልትገዛ ስትመጣ መድኃኒቷን መውሰዷን ሳልጠይቃት አትሄድም፣ ከቀረች ደግሞ ሰው ልኬ አስጠይቃታለሁ።

የቃለ መጠይቁ ቀን እንደ ሠርጌ ቀን ተዘጋጅቼ ነበር። ማርቆስ ሱቁን ሊይዝልኝ፣ እኔ ኋላ ክፍል ገብቼ በሬን ዘግቼ በስልኬ ቪዲዮ ልነጋገር ነበር የታሰበው። ሰው ያስባል እንጂ! ማርቆስ ዕቃ ሊያመጣ በጠዋት ከተማ ሄዶ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ መኪናውን ሁሉ እያስቆመ ሲፈትሽ እዚያው ቀረ። ኮሌጁ ደግሞ መብራት በፈረቃ ሊጠፋብን ነው ብሎ ሰዓቱን አስቀደመው። ስልኬ ሲጠራ የዳቦ መኪናው ገና አራግፎ መሄዱ ነው፣ ሰልፉ እስከ ማዕዘኑ ተዘርግቷል። ዳቦ ሊገዛ በቆመ ሰው ፊት ሱቅ መዝጋት አልሆነልኝም። እጄን ወደ ሰልፉ ዘርግቼ «አንድ ጊዜ ብቻ!» ብዬ ለመንኳቸውና ስልኩን ጆንያው ላይ አስቀመጥኩ።

ስልኩ ላይ መምህር ሰለሞን አሉ፣ አጠገባቸው ባለው መስኮት ደግሞ የነርሶች ትምህርት ቤት ኃላፊ የሆነችው ሜትረን ማቡዛ። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋለች።

«ስለ ራስሽ ንገሪን» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ስሜ ፀጋነሽ መሆኑን፣ አገሬን፣ የምኖርበትን ነገርኳት።

«ጥሩ። አሁን ለምን አንቺን እንደምንመርጥ ንገሪኝ። ከሌሎቹ በምን ትሻያለሽ?»

ጻካኔን በጩኸት የማናውጠው እኔው ነኝ እንግዲህ። ወደ ታች አየሁና፣ «እኔ ብዙም አላውቅም። ከእኔ የሚሻሉ አሉ። እግዚአብሔር ከፈቀደ እሞክራለሁ» አልኩ። እኛ ጋ ይህ የጨዋ ልጅ መልስ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ አጠገቧ ያሉት ሁሉ «ኧረ እሷስ ጎበዝ ናት!» ብለው ይነሱላታል። ሜትረኗ አልተነሳችም። ቃሌን እንዳለ ተቀብላ ጻፈችው፤ እስክሪብቶዋ ሲሄድ አየሁት።

መምህር ሰለሞን ደነገጡ። «ፀጋነሽ፣ በአማርኛ መመለስ ይፈቀዳል» አሉኝ። «በአማርኛ ንገሪኝ፣ እኔ እተረጉመዋለሁ።»

የፕሮግራሙ ደንብ እንደዚህ ነው፤ ቃል ያጠረው ተማሪ በአማርኛ ይመልሳል። ምን ያደርጋል፣ ያጠረኝ ቃል አልነበረም። በእንግሊዝኛ ያፈርኩትን በአማርኛ ጭራሽ ላወጣው አልችልም፤ ሀዲይኛ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አባቴ በር ላይ ቆሞ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ስዳር እንኳ ስለ እኔ የተናገሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔ ጓዳ ነበርኩ።

«መምህር፣ እርስዎ ያውቁኝ የለ? እርስዎ ይንገሯቸው» አልኳቸው።

«እኔ እዚህ አስተርጓሚ ነኝ፣ ምስክር መሆን አልችልም» አሉ። ድምፃቸው ራሱ ያሳዝን ነበር። ሜትረኗ ሰዓቷን አየች። የዓመት ልፋቴ ከጆንያው ላይ ተንሸራቶ ሲወድቅ ተሰማኝ፣ እንባዬ መጣ።

ሰልፉ ፊት የነበረችው ጎጎ ንኮሲ ናት። ፍርግርጉን ይዛ ፊቴን ስታይ ቆይታለች።

«ሲሲ፣ ምን አሉሽ?»

«ጎበዝ ነኝ በይ ይሉኛል፣ ጎጎ።»

«በያ ታዲያ!»

«እኛ ጋ ነውር ነው። ሰው ስለ ራሱ አይናገርም።»

«ማን ነው የሚናገርለት?»

«ሌላ ሰው።»

ጎጎ ዞር ብላ ሰልፉን አየች፣ ተመልሳ እኔን አየች። «እኛ ሌላ ሰው አይደለንም? ስልኩን አዙሪው» አለችኝ።

አዞርኩት። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ እጄ አዞረው።

«እናቴ፣ ማን ነዎት?» አለች ሜትረኗ።

«የዳቦ ደንበኛ ነኝ» አለች ጎጎ፣ ሻርፗን አስተካክላ። «ይቺ ልጅ ትጮህብናለች። ልጄን፣ ሚስትና ልጆች ያሉትን ሰውዬ፣ እጅህን ሳትታጠብ ብላ ዳቦ ከለከለችው፤ እየተሳደበ ሄዶ ታጠበ። እኔ ከቀረሁ ሰው ትልክብኛለች። መድኃኒቴን ከእኔ በላይ እሷ ታስታውሰዋለች። ክሊኒክ ስሄድ ስሜን የሚጠራኝ የለም፤ ይቺ ከብረት ኋላ ሆና በስሜ ትጠራኛለች። ሌላ ምን ልንገርሽ?»

ከኋላዋ የነበረች አንዲት እናት ልጇን አተኩሶት ሌሊቱን በስልክ እያወራሁ ምን እንደምታደርግለት የነገርኳትን አነሳች። አንድ ጎረምሳ ከሰልፉ ጫፍ ሆኖ «በጣም ትጮሃለች፣ ይህ እውነት ነው!» ሲል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ሜትረኗና ጎጎ ወደ ዙሉ ገቡ። ፈጣን ስለነበር ግማሹ አመለጠኝ፤ አንዷ ትጠይቃለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች፣ ጎጎ በፍርግርጉ ቀዳዳ ጣቷን አስገብታ ወደ እኔ ትጠቁማለች። ቆሜ ሳያቸው ትዝ ያለኝ የእኔው ሽማግሌዎች ናቸው።

በመጨረሻ ሜትረኗ «ስልኩን ወደ ራስሽ መልሺው» አለችኝ። መነጽሯን አውልቃለች። «ፀጋነሽ፣ እነዚህ ሰዎች የተናገሩት እውነት ነው?»

ይህን መመለስ እችል ነበር። የተመሰከረለትን ነገር አዎ ማለት የትም አገር ነውር አይደለም። «እውነት ነው» አልኩ። ድምፄ ትንሽ መሰለኝና ደገምኩት። «ሁሉም እውነት ነው። እጮሃለሁም።»

«ዎርዴ ውስጥ የሚጮህ ሰው እፈልጋለሁ» አለች ሜትረኗ።

ስልኩ ሲዘጋ ጎጎ «አሁን ዳቦዬን» አለችኝ። ዳቦዋን ስሰጣት እጇን በብረቱ መሃል ይዤ ሳምኩት፤ በኮሮና ጊዜ የከለከልኩትን ራሴ አደረግኩት ማለት ነው፤ እሷ ግን «ሂጂ ታጠቢ!» ብላ ጮኸችብኝ።

ማለፌ በመልእክት ሲደርሰኝ ማርቆስ ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ጨፈረ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ፕሮግራሙ ደንቡን አሻሻለ፤ ከአማርኛ ክፍል ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ተማሪ ከፈለገ የሚመሰክርለት ሰው ይዞ መግባት ይችላል። መምህር ሰለሞን ይህን ለአዲሶቹ ተማሪዎች ሲያስረዱ የእኔን ስም ይጠራሉ አሉ። እንግዲህ በዚህ ልኩራ፤ አሁን እናንተ እንጂ ሜትረን አይደለችም የምትሰማኝ፣ ለወገኔ ስናገር አላፍርም። ከሆሳዕና ቅቤ ተሸክሜ የመጣሁ ሴት ዛሬ ነጭ ጋውን ለብሼ፣ በአራት ቋንቋ እያሰብኩ፣ በጻካኔ ታክሲ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ከእኔ በኋላ የሱቅ ፍርግርጋቸውን ለባሎቻቸው ትተው የተመዘገቡ ሴቶችን ሳይ ደረቴ ይነፋል።

ማለፌን ለቤተሰቤ የነገርኩት በቅዳሜ ከሰዓት ነው። እናቴ እልል ብላ ስልኩን ለአባቴ ሰጠችው።

«አባዬ፣ ነርሲንግ ገባሁ።»

«ደህና» አለ። የዝናቡ ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ይሰማኛል። «የእኛ ጤና ጣቢያ አዲስ ክፍል ተሠርቶለታል» አለኝ። «ክፍሉ አለ፣ አልጋው አለ፣ ሰው የለውም። ለቀበሌው ሰዎች ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ልጄ እየተማረች ነው፣ ጎበዝ ናት፣ ስትጨርስ እሷ ትመጣለች አልኳቸው። ስብሰባ ላይ ተነስቼ ነው የነገርኳቸው።»

አባቴ ሰው መሃል ተነስቶ ሲናገር በዓይነ ኅሊናዬ ለማየት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። የጥገኝነት ወረቀት የያዘ ሰው ወደ አገሩ አንድ ጊዜ ከሄደ ወረቀቱ እንደሚሰረዝ፣ ከተሰረዘ ደግሞ ተመልሼ መግባት ስለማልችል ትምህርቱም ማርቆስም ሱቁም እዚህ እንደሚቀሩብኝ እሱ አያውቅም። ነግሬው አላውቅም፤ እናንተም ይህን ካነበባችሁ አትንገሩብኝ። ስጨርስስ ምን ይሆናል? እኔም አላውቅም። አገር ደርሶ መመለስ የሚያስፈቅድ ሌላ ወረቀት አለ ይላሉ፣ ያገኘ ሰው ግን በዓይኔ አላየሁም።

«አባዬ፣ ገና መጀመሬ ነው እኮ። ዓመታት ይፈጃል» አልኩት።

«ግድ የለም» አለኝ። «እንጠብቅሻለን።»